ከሜዳ አንወጣም ያሉት ሲስተር ጥሩወርቅ

ዳዊት የደወለልኝ ሮማ ውስጥ፣ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ካለ ስልክ ጥገና ቤት ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ ነው። ገና «ሃሎ» ሲል ድምፁ ደህና እንዳልሆነ ገባኝ።

«ሲስተር አረፉ» አለኝ።

የእናቱ ታላቅ እህት ናቸው። ግን እሱም እንደ እኛው ሲስተር ነበር የሚላቸው።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። እዚያው ይሠሩበት በነበረው ሆስፒታል። ነርሶቹ ጋደም ይበሉ ብለው ቢለምኗቸው እምቢ አሉ። ትራስ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ነው የሄዱት።»

እግዜር ይቅር ይበለኝና ሳቄ መጣ። ዳዊትም ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ጆሯችን ላይ እንደያዝን አለቀስን። ባለሱቁ ሁኔታዬን አይቶ ወንበር ሳበልኝና «ምን ሰማህ ወንድሜ?» አለኝ።

«አሰልጣኜ ሞቱ።»

«የምን አሰልጣኝ?»

«የኳስ።»

ሰውዬው ከላይ እስከ ታች ቃኘኝ። ዓይኑ ሆዴ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆም ብሎ ነበር፤ ቢሆንም ጨዋ ሰው ነውና «ነፍስ ይማር» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። አልፈረድኩበትም። እኔ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ ብዬ የማወራው ለሚያውቁኝ ብቻ ነው። የተጫወትኩትም በሮማ ያሉ የተማሪ ኮሌጆችና ደብሮች በሚወዳደሩበት ውድድር ላይ፣ በመጨረሻ ደረጃ በጨረሰ ቡድን ውስጥ ነው። የዚያ ቡድን አሰልጣኝ ሲስተር ጥሩወርቅ ነበሩ። ብዙ አለቆችና ብዙ ፕሮፌሰሮች በሕይወቴ አልፈዋል፤ አንድ ነገር ሲከብደኝ ትዝ የሚሉኝ ግን እሳቸው ናቸው፣ ያቺ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው።

ወደ ሮማ የመጣሁት በስኮላርሺፕ ምሕንድስና ለመማር ነው። ያረፍኩት ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አጠገብ፣ ካህናት በሚያስተዳድሩት ኮሌጅ ነበር። ኮሌጅ የሚሉት መማሪያውን ሳይሆን ተማሪ የሚያድርበትንና የሚበላበትን ቤት ነው። ቤቱ አሮጌ ነው። በመመገቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተነሣ የኮሌጁ የኳስ ቡድን ፎቶ ተሰቅሏል። ጢማቸውን ያሾሉ፣ ወፍራም ሹራብ የለበሱ፣ ቁምጣቸው ከጉልበታቸው በታች የወረደ ወጣቶች ክንዳቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ኳሷ ከፊታቸው እንደ ዱባ ተጎልታለች። ያን ዓመት የሚደርስባቸው አልነበረም ይባላል። እኛ ሾርባችንን ስንጠጣ እነሱ ከላይ ሆነው ያዩናል።

እኛ በደረስንበት ዘመን ግን ጣሊያኖቹ ተማሪዎች ኳሱን ትተው ወደ ጂም ሄደው ነበር። ማሊያው የቀረው ለእኛ ነው። አብዛኞቻችን ኢትዮጵያውያን ነን፤ ሁለት አልባኖችና አንድ የካሜሩን ልጅ አሉበት። በረኛችን ዳዊት ነው። አጥቂያችን ዮናስ ይባላል፤ ከስደተኛ መጠለያ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ነው። ሳምንቱን ግማሹን ክፍል ውስጥ፣ ግማሹን ደግሞ ፖሊሶቹ የመኖሪያ ፈቃድ በሚሰጡበት በኩዌስቱራ በር ላይ ተሰልፎ ነው የሚያሳልፈው። «ፔርሜሶህ ደረሰ?» ስንለው «ነገ ና ተባልኩ» ይላል። «እሑድ ሜዳ ላይ ብቻ ነው ወረቀት የማልጠየቀው» ይለን ነበር። አምበሉ እኔ ነበርኩ፤ ችሎታ ኖሮኝ ሳይሆን ጣሊያንኛዬ ከሁሉም ስለሚሻል ነው።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ስምንት ለባዶ ተሸነፍን። ያሰለጥነን የነበረው ጣሊያናዊ ተማሪ በማግስቱ ፈተና አለብኝ የሚል መልእክት ላከና በዚያው ቀረ። የኮሌጁ አስተዳዳሪ ዶን ኤቶሬ ከምሳ በኋላ እንድንቆይ አዘዙን።

ዶን ኤቶሬ ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚያሳዝን ነገር ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ደግ ቄስ ናቸው። ያን ቀንም በጣም ዝቅ አደረጉት።

«ልጆቼ፣ ይህ ማሊያ ታሪክ ያለው ማሊያ ነው» አሉ ወደ ፎቶው እያዩ። «በየሳምንቱ ከምንዋረድ በክብር ከውድድሩ ብንወጣ አይሻልም?»

 ዮናስ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ ይሰበስባል። ያን ጊዜ ከበሩ በኩል የሴት ድምፅ መጣ።

«ይቅርታ፣ ይህን ቡድን የሚያሰለጥነው ማነው?»

ዞር ስንል አንዲት አጠር ብለው ትከሻቸው የሰፋ፣ ነጭ የሆስፒታል ጫማ ያጠለቁ ሴት ቆመዋል፤ የዳዊት አክስት ናቸው። በአንድ እጃቸው ለዳዊት ያመጡት ምሳ ዕቃ፣ በሌላው ጃንጥላ ይዘዋል። ጣሊያንኛቸው የሮማ ገበያ ጣሊያንኛ ነው፤ ፈጣን፣ የቃሉ ጫፍ የተበላ።

«ለጊዜው ማንም የለም፣ ሲኞራ» አሉ ዶን ኤቶሬ።

«አሎራ፣ እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ።»

ዳዊት «ኧረ ሲስተር!» ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲስተር ምሳ ዕቃውን አስቀመጡና፣ ቀኝ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ፎቶው ሄዱ። መነጽራቸውን አደረጉ።

«እነዚህ ልጆች ሁልጊዜ ያሸንፉ ነበር?»

«በዚያ ዓመት፣ አዎን።»

«ከዚያ በፊት በነበረውስ?»

ዶን ኤቶሬ እሳቸውም ወደ ፎቶው ቀረቡ።

«ያሸነፉ ዕለት ያነሳችኋቸውን ነው የሰቀላችሁት። ከዚያ በፊት ስንቴ እንደተሸነፉ ማን ፎቶ አነሳ? ሰው ከመሬት ተነስቶ ግድግዳ ላይ አይወጣም። እነዚህንም ይሸነፉ፣ ተዉአቸው።»

 ዶን ኤቶሬ ሲወጡ ክርኔን ያዝ አድርገው «ሲስተር ስትሏቸው ሰማሁ፤ የየትኛው ማኅበር መነኩሲት ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። በእኛ አገር ነርስ ሲስተር እንደምትባል ላስረዳ ስል ሲስተር በአማርኛ አቋረጡኝ። «ተወው ቢኒ፤ እንደዚያ ይመኑ። ለመነኩሲት እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል።»

ልምምድ የምንሠራው ከቲቡርቲና መንገድ ወዲያ ባለ የአንድ ደብር ሜዳ ላይ ነው። ሣር የለውም። ሮማዎች ፖዞላና የሚሉት ቀይ ሻካራ አሸዋ ነው፤ የወደቀ ሰው የጉልበቱን ቆዳ ትቶ ይነሳል። ሲስተር ከአዳር ተረኛነት ወጥተው በቀጥታ ይመጣሉ። ዓይናቸው ቀልቶ፣ ጃንጥላቸውን ተደግፈው መሀል ሜዳ ይቆማሉ። አይጮሁም። ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ሲያፏጩ ግን የጎረቤት ውሾች ሁሉ ይመልሳሉ።

በመጀመሪያው ልምምድ ዮናስ ኳስ ሲመታ ሲስተር መንገዱ ላይ ነበሩ። «ሲስተር፣ እባክዎን ትንሽ ዞር ይበሉ» ብሎ ሳይጨርስ ኳሷ ትከሻቸው ላይ አረፈች። ዮናስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እሳቸው ትከሻቸውን እያሹ ሰበሰቡን።

«ስሙ። ከሜዳ ውጭ እርስዎ በሉኝ፤ ያሳደጓችሁ እናቶች አሉ። ሜዳ ውስጥ ግን አንቺ ነኝ። እርስዎ ብላችሁ እስክትጨርሱ ጎል ይገባል።»

ሞከርን። አፋችን እምቢ አለ። ዳዊት አንድ ጊዜ «አንቺ ሲስተር!» ብሎ ሲጣራ ራሱ ደንግጦ ኳሷን በእግሮቹ መሀል አሳለፋት። በመጨረሻ ያገኘነው መላ ማዕረግ የሌለው ቃል ነበር፦ «ዞር!»

ስለ አጨዋወት ስልት ብዙ የሚያውቁ አይመስለኝም። ቢያውቁም አልነገሩንም። ያስተማሩን ሌላ ነገር ነው። እኛ ጎል ሲገባብን አንገታችንን ደፍተን፣ እጃችንን ዘርግተን እርስ በርስ ይቅርታ እንጠያየቅ ነበር። ለተጋጣሚም፣ ለዳኛም፣ ኳሷ አጥር ዘላ ስትወጣ ለምታቀብለን አሮጊት ሳይቀር ይቅርታ እንላለን። ሲስተር ይህን ሲያዩ ደማቸው ይፈላል።

«ይቅርታ የሚባለው የሰው እግር ስትረግጡ ነው» አሉን። «ሜዳ ላይ በመገኘታችሁ ይቅርታ አትጠይቁም። ተሰምቷል?»

ከዚያ አንድ ሕግ አወጡ። ጎል ሲገባብን ቅርብ ያለው ሰው ኳሷን ከመረቡ አውጥቶ ወደ መሀል በሩጫ ይወስዳታል። በሩጫ! አምስት ለባዶ እየተመራንም ቢሆን። ተጋጣሚዎች በመጀመሪያ ሳቁብን። «ወዴት ነው የምትሮጡት?» አለኝ አንዱ ሆዱን ይዞ። እኛ ግን ሮጥን። ስምንት ይገባብን የነበረው አምስት ሆነ፣ ቆይቶም ሦስት። ከዚያ ወዲያ የሚስቁት እያነሱ ሄዱ።

ጉልበታቸው ምን እንደሆነ ዳዊት እንኳ በደንብ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ባለች የሐበሻ ካፌ ቁጭ ብለን ስንጠይቃቸው እንደ ቀልድ ነገሩን። አዲስ አበባ ልጅ ሳሉ ቁምጣ ከቀሚሳቸው ሥር ለብሰው ከወንዶች ጋር ይጫወቱ ነበር። በኋላ የሴቶች ቡድን ውስጥ ገቡ። አንድ ቀን ከሰፈር ወንዶች ጋር በተደረገ ጨዋታ አንዱን ጎረምሳ ሁለት ጊዜ አታለው ሲያልፉት፣ በሦስተኛው ሆን ብሎ ጉልበታቸው ላይ ቆመበት።

«ከዚያስ?» አለ ዮናስ።

«ከዚያማ ጨዋታውን ጨረስኩ። ጉልበቴ ያን ቀን ሄደ፣ እኔ ግን አልሄድኩም።» ማኪያቷቸውን ጠጡ። «ሆስፒታል ተኝቼ ነርሶቹን ሳይ ደስ አሉኝ። በዚያው ነርስ ሆኜ ቀረሁ።»

ከሮማ ወጣ ብላ ባሕር ዳር ወዳለችው ኦስቲያ ለጨዋታ የሄድነው በየካቲት ወር ነው። ሜዳው ከባሕሩ ቅርብ ስለነበር ነፋሱ አሸዋ እየዘገነ ፊታችን ላይ ይበትናል። ከሜዳው ወዲያ ማዶ፣ ዝቅ ካለች ግንብ ኋላ፣ የተወሰኑ ሰዎች ቆመዋል። ልጆች አይደሉም። ጎረምሶችም ጎልማሶችም አሉባቸው። ዮናስ ኳስ በነካ ቁጥር የዝንጀሮ ድምፅ ያሰማሉ። «በመጣህበት ጀልባ ተመለስ!» ይላሉ። ዳኛው ወጣት ተማሪ ነው፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ሁለት ለባዶ እየተመራን ለዕረፍት ወደ ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ገባን።

ዳዊት ጓንቱን አውልቆ ወረወረ። «እኔ አልመለስም። እንውጣ ሲስተር። ሌሎች ቡድኖች እንዲህ ሲሆን ይወጣሉ፤ ልክም ናቸው!»

ሁላችንም ሲስተርን አየን። እሳቸው ግን የሚያዩት ዮናስን ነው። ዮናስ ጫማው ላይ አቀርቅሯል።

«ዮናስ» አሉት። «የተሰደብከው አንተ ነህ። እንውጣ ካልክ አሁኑኑ ጫማችንን እንፈታለን፤ ማንም አንድ ቃል አይናገርህም። ምን ትላለህ?»

 ውጭ ነፋሱ በሩን ያንኳኳል።

«ሳምንቱን ሙሉ ውጣ ስባል ነው የምውለው» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ እሑድ ነው። መጫወት እፈልጋለሁ።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ ሲስተር። «እናንተ ኳሱን ተጫወቱ። ጩኸቱን ለእኔ ተዉት።»

ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ስንሰለፍ ያየነውን እስክሞት አልረሳውም። ሲስተር የአሰልጣኝ ወንበራቸውን፣ ያቺን ነጭ የፕላስቲክ ወንበር፣ በብብታቸው ሸጉጠው በጎሉ ጀርባ ዞረው ወደ ማዶ እየሄዱ ነው። ዳኛው «ሲኞራ፣ የት ነው?» ብሎ ተጣራ። ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው ሰላም አሉትና ቀጠሉ። ከግንቧ ፊት ለፊት ወንበሯን ተከሉ። ጀርባቸውን ለጨዋታው፣ ፊታቸውን ለጯሂዎቹ ሰጥተው ተቀመጡ።

እኔ በዚያ መስመር ስለምጫወት የሚሉትን እሰማለሁ።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ በጣሊያንኛ፣ በሽተኛ እንደሚያናግሩ ረጋ ብለው። «እኔ ጥሩወርቅ እባላለሁ። አንተስ ማን ትባላለህ?»

ሳቅ። ፉጨት። አንዱ አጸያፊ ነገር ተናገረ።

«ስምህን ነው የጠየቅኩህ። እኔ የእኔን ነግሬሃለሁ።» ጃንጥላቸውን ወደሚቀጥለው አዞሩ። «እሺ አንተስ?»

አንዱ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ጎተተ። ሌላው ስልኩን ማየት ጀመረ። ውሻ ይዘው የቆሙ አንድ ሽማግሌ «ኧረ መልሱላት! በጨዋ ደንብ ነው የጠየቀቻችሁ» ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ አንድ ወፍራም ጎረምሳ አገጩን ቀና አድርጎ «ማርኮ» አለ።

«ማርኮ። ጥሩ ስም ነው። በል ማርኮ፣ ያን ድምፅ አሁን ድገመው። ማን እንዳሰማው አውቀን እንስማው።»

ማርኮ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ዘጋው። ጆሮው ሲቀላ አየሁ። ሁሉም ዝም አሉ ብል ዋሽቼ ነው፤ ሁለቱ ራቅ ብለው ሄደው መጮኻቸውን ቀጠሉ። ግን ብቻቸውን ሲሆኑ ድምፃቸውን ነፋሱ በላው።

ትንሽ ቆይቶ ኳስ ደረሰችኝና አሻገርኩ። ዮናስ ከሁለት ተከላካዮች መሀል ብድግ ብሎ በግንባሩ መታት። ጎል! በዚያ ዓመት ያገባነው የመጀመሪያ ጎል ነው። ሁላችንም እየጮኽን ወደ ሲስተር ሮጥን። እሳቸው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አንገታቸውን ብቻ አዞሩ።

«ምንድነው?»

«ጎል ገባ ሲስተር!»

«ለማን?»

«ለእኛ!»

ሊነሱ ብለው ከወንበሩ ከፍ አሉ። ከዚያ መለስ ብለው ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ ግንቧ አዞሩ። «ሂዱ፣ ጨዋታው አላለቀም። እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

ሦስት ለአንድ ተሸነፍን። ሮማ ወዳለው ፒራሚዴ ጣቢያ በሚመለሰው ባቡር ሲስተር መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በሉ፣ ጎሉን ንገሩኝ።» ዮናስ ነገራቸው። ዳዊት እንደዚያ አይደለም ብሎ ከራሱ ጎል ሆኖ ያየውን ነገራቸው። እኔ ደግሞ እንዴት እንዳሻገርኩ፣ ትንሽ ጨምሬበት። የካሜሩኑ ልጅ መተላለፊያው ላይ ቆሞ በግንባር መምታቱን አሳየ፣ የባቡሩ ማንጠልጠያም ግንባሩን መታው። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አሮጊት «አሸነፋችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«አይ፣ ሲኞራ፣ ተሸንፈናል» አሉ ሲስተር።

«ታዲያ ደስታው ምንድነው?»

«አንዷን ጎላችንን አላየኋትም። እየነገሩኝ ነው።» ከዚያ ወደ ዮናስ ዞረው፣ «እስቲ ድገመው» አሉት።

ዮናስ ፔርሜሶው ከብዙ መጉላላት በኋላ ደረሰው፤ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። ያቺን ጎል ግን አሁንም በየድግሱ ይደግማታል።

በሳምንቱ ከውድድሩ አዘጋጆች ውሳኔ መጣ። ጯሂዎቹን የጠየቃቸው የለም። ሲስተር ግን ከአሰልጣኝ ቦታቸው ወጥተው ወደ ተመልካች በመሄዳቸው ውድድሩ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ሜዳ እንዳይገቡ ታገዱ። እኔ ተናድጄ ይግባኝ እንበል አልኩ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደንቡን ጥሻለሁ፤ ቅጣቱን እቀበላለሁ። ነገ እንደዚያው ቢሆን ግን ወንበሬን ይዤ እሄዳለሁ።»

ዶን ኤቶሬ እንደገና ሰበሰቡን። ድምፃቸው ያው ዝቅ ያለ ነው። «እንግዲህ ሲስተር፣ አሁን ማንም አይፈርድብንም። ቡድኑ ክብሩን ይዞ ይውጣ።»

«ዶን ኤቶሬ፣ የታገዱት እነሱ ናቸው ወይስ እኔ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው እነሱ ይጫወታሉ።»

«ያለ አሰልጣኝ?»

«አሰልጣኝ አላቸው። ከአጥር ውጭ ትቆማለች።» ከዚያ በተለየ ድምፅ፣ ቀስ ብለው ጨመሩ። «ክብርን ይዞ መውጣት የሚባል ነገር የለም፣ አባ። መውጣት መውጣት ነው። እነዚህ ልጆች ውጣ የሚለውን ቃል ሰምተው ጠግበዋል። ቢያንስ ከእርስዎ አፍ አይስሙት።»

 ዶን ኤቶሬ ኮፍያቸውን አንስተው «እሑድ በስንት ሰዓት ነው የምትጫወቱት?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጨዋታ አልቀሩም።

ሲስተርም አልቀሩም። ዝናብም ቢሆን፣ ከአዳር ወጥተውም ቢሆን፣ የሽቦ አጥሩን ተደግፈው ይቆማሉ። መመሪያ መስጠት ስለተከለከሉ አፋቸውን አይከፍቱም፣ አያፏጩም። እኛ ግን እዚያ መሆናቸውን እናውቃለን። አንድ ጨዋታ አቻ ወጣን። አንዷን ነጥብ ስናገኝ ዳዊት አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሊስማቸው ሲል በጃንጥላቸው ገፉት። «ውረድ! ሽቦው የደብሩ ነው።»

የመጨረሻውን ጨዋታ ያደረግነው በዚያው በቀዩ ሜዳችን ላይ፣ ሙቀቱ በጀመረ ሰሞን ነው። ተጋጣሚያችን አንደኛ የነበረው ቡድን ነው፤ ካሸነፈን ዋንጫው የእሱ ነው። ዋንጫውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። እኛ ዘጠኝ ሆነን ቀረን። አልባኖቹ ልጆች የበጋ ሥራ አግኝተው ኦስቲያ የባሕር ዳርቻ ላይ ጥላና ወንበር እየዘረጉ ነው፤ ሌሎቹ ተጎድተዋል ወይም ፈተና ላይ ናቸው።

የእነሱ አሰልጣኝ ሲኞር ኦስቫልዶ የሚባል፣ ቆብ ያደረገ ሽበታም ሮማዊ ነበር። ሊጀመር ሲል መጥቶ ክንዴን ያዘኝ።

«ልጄ፣ ዘጠኝ ናችሁ። በዚህ ሙቀት ምን ያለፋችኋል? ፎርፌ ስጡንና አብረን ቀዝቃዛ ቢራ እንጠጣ።»

በክፋት አልነበረም፤ ከልቡ አዝኖልን ነው። ወደ አጥሩ ዞር አልኩ። ሲስተር ቆመዋል።  

«እንጫወታለን» አልኩት።

እንዴት እንደተጫወትን ዛሬም አይገባኝም። የፖዞላናው አቧራ ጉሮሯችን ውስጥ ገባ። ዳዊት ያልወደቀበት ቦታ የለም፤ ክርኑም ጉልበቱም ደም በደም ሆነ። የእነሱ ልጆች እየደጋገሙ ይመጣሉ፣ እኛ እየደጋገምን እንመልሳለን። መጀመሪያ እየቀለዱ ነበር፤ ቆይተው መቀለዱን ተዉት፤ ከዚያ እርስ በርስ መጯጯህ ጀመሩ። ሲኞር ኦስቫልዶ ቆቡን አውልቆ እጁ ላይ ጨመደደው። ዶን ኤቶሬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቆመው «አቫንቲ ራጋዚ! በርቱ ልጆች!» ብለው ሲጮሁ ድምፃቸው ከፍ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከማዕዘን ምት አገቡብን። እነሱ ተቃቅፈው ሲወድቁ ዳዊት ራሱ፣ በረኛው፣ ኳሷን ከመረቡ አውጥቶ በዚያ ደም በደም በሆነ ጉልበቱ ወደ መሀል ሮጠ። አስቀመጣትና «ቶሎ በሉ!» አለን። ሄድን። ዘጠኛችንም ሄድን። ዮናስ የመታት ኳስ የጎሉን አግዳሚ ብረት ነክታ ስትወጣ ፊሽካው ተነፋ።

አንድ ለባዶ። እነሱ ሻምፒዮን ሆኑ፣ እኛ የመጨረሻ። ግን በዚያች ሰዓት ከሩቅ የመጣ ሰው ቢያየን ማን እንዳሸነፈ አያውቅም ነበር። የእነሱ ልጆች መሬት ላይ ተዘርረው ይተነፍሳሉ። እኛ ቆመናል። እጃችን ወገባችን ላይ ነው፣ ፊታችን ቀይ አቧራ ለብሷል፣ ግን ቆመናል።

ሲኞር ኦስቫልዶ ወደ ልጆቹ አልሄደም። ሜዳውን አቋርጦ በቀጥታ ወደ ሲስተር ሄደ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ጣቶቹን በሽቦው ቀዳዳ አሾልኮ፦

«ሲኞራ፣ እጅዎን ልጨብጥ» አለ።

ሲስተር ጣቶቹን አዩ። እጃቸውን አላነሱም።

«በሽቦ ቀዳዳ ሰው አልጨብጥም» አሉት። «እኔ እስረኛ አይደለሁም፣ እርስዎም ጠያቂ አይደሉም። በሩ እዚያ ነው።»

በሩ ያለው በሜዳው በወዲያኛው ጥግ ነው። ሰውዬው በሩን አየ፣ ፀሐዩን አየ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ዋንጫውን ገልጠው የሚጠብቁትን ሰዎች አየ። አንዱ «ሲኞር ኦስቫልዶ፣ ዋንጫው!» ብሎ ተጣራ። በእጁ ቆዩ የሚል ምልክት ሰጠና መሄድ ጀመረ። ሽማግሌ ነው፤ አረማመዱ ቀስ ያለ ነው። የሁለታችንም ቡድን ልጆች በአንድነት ዓይናችንን እሱ ላይ ተክለን ቀረን። ከበሩ ወጣ፣ አጥሩን ይዞ በውጭ በኩል ዞረ፣ ከወይራ ዛፎቹ ኋላ ተሰወረ፣ እንደገና ብቅ አለ።

ሲስተር አንዲት እርምጃ እንኳ ወደ እሱ አልተንቀሳቀሱም። ጃንጥላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው የቀኝ መዳፋቸውን በጃኬታቸው ጠረጉ፣ ጠበቁ።

ላቡን እያንጠፈጠፈ ደረሰና እጁን ዘረጋ። ጨበጡት። እንደ ባልደረባ፣ ጠበቅ አድርገው።

«በሚመጣው ዓመትም አላችሁ?» አላቸው እያለከለከ።

ሲስተር እጁን እንደያዙ አጥሩን አሻግረው እኛን አዩን።

«ወዴት እንሄዳለን?» አሉት። «አለን።»